ባለ በቅሎው የት ያድራል?

ወደ ስሜን ተራሮች ለመሄድ ያሰቡ ሰዎች ሲደውሉልኝ በቅድሚያ የሚጠይቁኝ ስለ ብርዱ ነው። ቀጥለው ዋልያ ይታይ እንደሆነ፣ መንገዱ ምን ያህል እንደሚያደክም፣ ስልክ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ወደ ዋጋ እንገባለን፤ እዚያ ላይ ክርክሩ ይጠነክራል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍል ሰው የማወቅ መብት አለው። «ዕቃችንን የሚያደርስልን ሰው የት ያድራል? እራቱንስ ምን ይበላል?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ለእኔ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የምኖረው ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። እንጀራዬ ስንቅ ነው። እናቴ ለሩቅ መንገደኛ በሶ እየፈጨች፣ ድርቆሽ እያደረቀች፣ ዳቦ ቆሎ እየቆላች ነው ያሳደገችን። እኔም ያንኑ ሙያ ይዤ ለተራራ ተጓዦች ስንቅ ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ ብዙም ሳልቆይ አብሬ እየወጣሁ የማበስል ሆንኩ። ቅዳሜ ገበያ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሽንኩርቱን፣ ሩዙን ሸምቼ፣ ካርቶኑን በገመድ ጠፍሬ ደባርቅ አደርሳለሁ፤ ከዚያ በበቅሎ ይጫናል። ማድ ቤት ድንኳን ውስጥ የቆመ ሰው ብዙ ነገር ያያል፤ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን የተረፈውን እንደሚጠብቅ፣ ዝናብ ሲጥል ማን ወደ ውስጥ እንደሚጠራና ማን ውጭ እንደሚቀር።

ሰፈራችን ከተራራ መንገደኛ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያንን ያሠሩት እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በአድዋና በአክሱም አልፎ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ያስጠጉት እቴጌይቱ ናቸው፤ ቁስቋም ግቢ ተቀምጧል። ብሩስ ከዋክብትን የሚለካበት ትልቅና ከባድ መሣሪያ ይዞ ነበር። ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው በሚያወጣው ገደላማ አቀበት ላይ ያ መሣሪያ የወጣው በሰው ጉልበት ነው። ፍርስራሹን የሚያስጎበኙ ልጆች የብሩስን ስም ለእንግዳው ሁሉ ይናገራሉ፤ የተሸካሚዎቹ ስም ሲነሣ ግን ሰምቼ አላውቅም። ዛሬም በስሜን ከቧሂት ተራራ ጫፍ ላይ በሚነሣው ፎቶግራፍ ውስጥ ባለ በቅሎው የለም፤ በዚያ ሰዓት እሱ ድንኳን ይዞ ወደሚቀጥለው ካምፕ እየገሰገሰ ነው።

ላልሄደ ሰው አሠራሩን ላስረዳ። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ስለሆነ ተጓዥ ሁሉ እዚያ ይመዘገባል፣ መግቢያውን ይከፍላል፣ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደብለታል። ያለ ስካውት ፓርኩን በእግር መጓዝ አይፈቀድም። አስጎብኚው፣ አብሳዩና ባለ በቅሎዎቹም እዚያው ይያዛሉ፤ በየማኅበራቸው ተደራጅተው ተራ እየጠበቁ የሚሠሩ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የተለመደው መንገድ ከሳንቃ በር (3,250 ሜትር) ወደ ግጭ (3,600 ሜትር)፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ (3,620 ሜትር) ይወስዳል። ጉልበት ያለው ከጨነቅ ተነሥቶ በቧሂት በኩል ይሻገራል፤ ወደ መሸሃ ወንዝ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ አምቢቆ አድሮ፣ በማግስቱ በሌሊት ወደ ራስ ዳሸን ይወጣል። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

በኔፓልም ሆነ በኪሊማንጃሮ ጭነቱን ተሸክሞ የሚወጣው በአብዛኛው ሰው ነው። በስሜን የሚሸከመው በቅሎ ነው። ስለ ሰውየው የማይታሰበውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሸክሙ ከትከሻው ስለወረደ ድካሙም የወረደለት ይመስለናል።

ጠዋት ሲጭን ቆሞ ያየ ሰው እንዲህ አያስብም። መጀመሪያ የበቅሎዋን ጀርባ በመዳፉ ይዳብሳል፤ እብጠት ወይም ቁስል ይፈልጋል። ከዚያ መደላድሉን በደንብ አራግፎ ያለብሳታል። ውስጡ አንዲት እሾህ ከቀረች ቀኑን ሙሉ ቆዳዋን ስትፍቅ ትውላለችና። ቀጥሎ ዕቃውን ለሁለት ይከፍላል። የግራውና የቀኙ እኩል መሆን አለበት፤ በአንድ በኩል የጋዝ ሲሊንደር፣ በሌላው በኩል አንድ ቀላል ድንኳን ከሆነ መንገድ ላይ ጭነቱ ዞሮ ከሆዷ ሥር ይገባል። ገደል አፋፍ ላይ ይህ ከደረሰ በቅሎዋም ዕቃውም አይገኙም። መጫኛውን ሲያጠብቅ በጉልበቱ ጎኗን ደግፎ ይስባል፤ ጓደኛው ከወዲያ ተቀብሎ ይቋጥራል። ውርጩ ገመዱን እንደ ሽቦ አድርቆታል፤ የእጅ ጓንት የለም። ሁሉም አልቆ ሊነሡ ሲሉ አንድ እንግዳ ከድንኳኑ ሌላ ሻንጣ ይዞ ይወጣና «ይቺን ብቻ» ይላል።

ያቺ «ይቺን ብቻ» የምትባል ሻንጣ ብዙ ጉዳት ታመጣለች። የበቅሎ ጀርባ አንዴ ከተገጠበ ቶሎ አይድንም፤ ሳምንታት ሥራ ፈትታ ትቆማለች። ለስሜን ገበሬ ደግሞ በቅሎ የቱሪስት ዕቃ ማመላለሻ ብቻ አይደለችም። ገብሱን ገበያ የሚያደርሰው፣ በሽተኛውን ጤና ጣቢያ የሚወስደው፣ ሙሽራውን የሚያስመጣው በእሷ ነው። አንዳንዱ ነጂ ደግሞ በቅሎዋ የራሱ አይደለችም፤ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ተውሶ፣ ገቢውን ተካፍሎ የሚሠራ ነው። በቅሎዋ ብትጎዳ ባለቤቱ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ስለዚህ ነጂው «ከበዳት» ሲል እንግዳው እንዳላመነው አድርጎ ባይመለከተው ጥሩ ነው።

እንግዳው ቁርሱን በልቶ ሲነሣ እነሱ ገና ድንኳን እየነቀሉ ናቸው። እኩለ ቀን ሳይደርስ ግን በአጠገቡ እየሮጡ ያልፉታል፤ እሱ የሚቀጥለው ካምፕ ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ውሃው ፈልቶ መጠበቅ አለበትና። ያንኑ አቀበት እንግዳው ቁርጭምጭሚቱን በሚደግፍ ጫማ ሲወጣው እነሱ በኮንጎ ጫማ፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው ነው የሚወጡት።

አሁን ወደ ስንቁ ልምጣ፤ የእኔ ሙያ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። በስሜን የቆየው ልማድ ስካውቱም ባለ በቅሎውም ስንቁን ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ዳቦ በአቁማዳ ቋጥሮ ይወጣል። ለአጭር ጉዞ ይህ ያስኬዳል። ጉዞው ሲረዝም፣ በተለይ ወደ ራስ ዳሸን የሚያልፍ ከሆነ፣ ስንቁ አምቢቆ ሳይደርስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕጣ የእንግዳው ትራፊ ነው። እንግዳው ከተረፈው ይበላሉ፤ ካልተረፈው የሻይ ውሃ ጠጥተው ያድራሉ። እንግዳ በማስተናገድ ስሙ በወጣ አገር፣ በገዛ ደጃቸው ላይ የአገሩ ሰዎች ትራፊ ሲጠብቁ ማየት ለእኔ ትልቅ ሐዘን ነው።

አንድ መስከረም መጨረሻ ጨነቅ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘን። እንግዶቹ መመገቢያ ድንኳናቸው ውስጥ ሾርባ እየጠጡ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ባለ በቅሎዎቹ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ጭሱ በሚወጣበት በኩል ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሙቀቱ ትንሽ ስለሚደርሳቸው ነው። በዕድሜ የገፉትንና እንደ ታላቅ ወንድም «አያ» እያልኩ የምጠራቸውን ሰው ግቡ ብዬ ለመንኳቸው። «እትየ፣ ለእኛ አታስቢ፤ ለምደነዋል» አሉኝ። ጋቢያቸው ሲጨመቅ ውሃው ይፈስ ነበር። ሁሉንም አስገብቼ ድርቆሹን በበርበሬ ፍርፍር አድርጌ አቀረብኩላቸው። ከዚያ ጉዞ ጀምሮ የሠራተኛው ቀለብ በዋጋው ውስጥ ካልገባ ሥራ አልቀበልም። ስሸምት የእንግዳውንና የሠራተኛውን ስንቅ አንድ ላይ አስልቼ ነው፤ ማሰሮውም አንድ ነው። ይህ በጠቅላላው ወጪ ላይ የሚጨምረው በጣም ትንሽ ነው።

ሰው ማብላት ደግሞ ጾሙን ማወቅ ይጠይቃል። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የገባበት አይነኩም። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ቁስቋም በዓል ዋዜማ ያለው የጽጌ ጾም፣ ክረምቱ ወጥቶ ተጓዥ በሚበዛበት ወቅት ላይ ነው የሚውለው። ጽጌን የሚጾም ባለ በቅሎ የእንግዳውን የተረፈ ማካሮኒ በሥጋ ሊበላው አይችልም፤ ስለዚህ «ትራፊውን እንሰጣቸዋለን» የሚለው ሐሳብ ከጅምሩ አይሠራም። በነጂዎቹ መካከል ሙስሊሞችም አሉ። በግ ከተገዛ ማን እንደሚያርድ፣ ለማን ምን እንደሚሠራ ቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ይህን የአገር ውስጥ ተጓዥ ከውጭ አገሩ ይልቅ ሊረዳው ይገባል፤ ከቤቱ የሚያውቀው ነገር ነው።

ማደሪያውም እንዲሁ ነው። ስካውቱ ብዙ ጊዜ ከእንግዳው ድንኳን አጠገብ ጠመንጃውን ታቅፎ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ያድራል። ባለ በቅሎው ከበቅሎዎቹ አይለይም፤ ጅብ አለ። በ3,600 ሜትር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ካምፑ ላይ የሠራተኛ ጎጆ ካለ በጎ፤ ከሌለ አንድ ተጨማሪ ድንኳንና ከመሬት የሚለይ ምንጣፍ መጫን የአስጎብኚው ግዴታ መሆን አለበት። አንድ ድንኳን ምን ያህል ይከብዳል?

«እነሱ የደጋ ሰዎች ናቸው፣ አይታመሙም» የሚለውን አባባል በብዙ ቋንቋ ሰምቻለሁ። እውነት አይደለም። በጨነቅ ከፍታ አንድ ሰው በሚስበው አየር ውስጥ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ተወልዶ ያደገበት ሰው ሊቋቋመው ይችላል፤ ከጎንደር ከተማ ወይም ከቆላው የመጣ ረዳት ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል። የሚለየው ነገር እንግዳው ሲያመው ጉዞው መቆሙ፣ ረዳቱ ሲያመው ግን «ቀስ ብለህ ውረድ» መባሉ ነው። ለብቻው።

ይህ በሌላ አገር ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔፓል ውስጥ አንድ ወጣት ተሸካሚ በከፍታ ሕመም ተይዞ፣ ተገቢው እንክብካቤ ሳይደረግለት ሞተ። በዚያ ሐዘን የተነሡ ሰዎች የተሸካሚዎች መብት ጠባቂ ዓለም አቀፍ ቡድን አቋቋሙ። ያወጡት መመሪያ ረጅም አይደለም፤ ተሸካሚ ለከፍታው የሚሆን ልብስና ጫማ ይኑረው፣ መጠለያና ምግብ ያግኝ፣ ሲታመም እንደ ተጓዡ ይታከም፣ ብቻውንም አይላክ፣ ጭነቱም ልክ ይኑረው ነው የሚለው። ኪሊማንጃሮ ላይ የአንድ ተሸካሚ ጭነት 20 ኪሎ እንዲሆን ተወስኖ በፓርኩ በር ላይ ይመዘናል፤ ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮም የተሸካሚዎችን ደመወዝና አያያዝ የሚከታተል ድርጅት አለ። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሸካሚዎችን ሥራ የሚመለከት ሕግ አውጥታ የወንድ ተሸካሚን ጭነት በ20 ኪሎ ወስናለች። እነዚህ አገሮች ችግራቸውን ጨርሰዋል ማለቴ አይደለም። ግን ቢያንስ ሚዛን አቁመዋል።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ መናገር አለብኝ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ለአንድ ወኪል ይከፍላል፤ ወኪሉ ጎንደር ላለ አስጎብኚ ይሰጣል፤ እሱ ደባርቅ ላለ ሰው ያስተላልፋል፤ ባለ በቅሎው የመጨረሻው ነው። እያንዳንዱ እጅ ትንሽ ትንሽ ካስቀረ ለመጨረሻው ምን እንደሚተርፍ ማስላት አያዳግትም። ስለዚህ ዋጋ ተከራክሮ ያስቀነሰ ተጓዥ ድርጅቱን የረታ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተቀነሰው ከባለ በቅሎው የቀን ሒሳብ ነው። የቀኑ ተመን ስንት እንደሆነ ደባርቅ ላይ ጠይቃችሁ እወቁ። ከተቻለም ክፍያው በእናንተ ፊት፣ ለራሱ በእጁ ይሰጠው።

ሌላው የሚረሳ ነገር የመመለሻ ቀን ነው። ጉዞው ከጨነቅ በመኪና ሲያልቅ ወይም ተጓዡ በአዲአርቃይ በኩል ሲወጣ፣ ባለ በቅሎው ባዶ በቅሎ እየነዳ አንድና ሁለት ቀን ተጉዞ ነው ቤቱ የሚገባው። እነዚያ ቀናት የሥራ ቀናት ናቸው፤ ሊከፈሉ ይገባል። ቲፕ ደግሞ ከደመወዝ በላይ የሚሰጥ ምስጋና ነው። ቲፕ ይሰጣቸዋል ተብሎ ደመወዝ የሚቀነስ ከሆነ ምስጋናው የአሠሪው ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ለሁሉም በአንድነት ለአንድ ሰው ሰጥቶ «አካፍላቸው» ማለትም ጠብ ያስነሣል፤ ለየስማቸው፣ ለየእጃቸው ስጡ።

ይህ ሁሉ ከዋልያው ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል። በደንብ ይገናኛል። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ በ1978 ደግሞ ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሸክሙን የተሸከመው የአካባቢው ገበሬ ነው። የአያቱ ግጦሽ ተከለለ፣ እርሻው ተወሰነ፣ ማገዶው ተከለከለ። የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከተራራው ወርደው ደባርቅ ሰፍረዋል። የተነሡበት ምክንያት ለፓርኩ ህልውና ወሳኝ ነበር፤ ግጦሹ አልቆ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው መጠጊያ አጥተው ነበርና። ግን ገብስና በግ ብቻ የሚያውቅን ሰው ከተማ ዳር አስፍሮ ሌላ መተዳደሪያ አለመስጠት አይሆንም። ለብዙዎቹ የቀረበው መተዳደሪያ ይኸው በቅሎ መንዳት፣ ማብሰል፣ መጠበቅ፣ ማስጎብኘት ነው። ይህ ሥራ በሥርዓት ካልተከፈለ ፓርኩ ለእነሱ የተወሰደባቸው መሬት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ግጭ አካባቢ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ ነገሩ በግልጽ ታይቷል። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ከእነሱ በፊትና ከእነሱ ጋር ግን ቅጠል ይዞ፣ አካፋ ይዞ ጓሳ ሣሩና አስታ ዛፉ ውስጥ እየገባ እሳቱን ሲቀጠቅጥ የከረመው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን በስተቀር የትም የለም፤ ቁጥሩም በቅርብ ዓመታት ቆጠራ ወደ 300 ገደማ ወርዷል። ይህን ያህል የቀረን እንስሳ የሚጠብቀው ተራራው ላይ የሚያድረው ሰው ነው። ያ ሰው ከዋልያው የሚያገኘው ነገር እንዳለ ካወቀ የጎረቤቱን ወጥመድ ራሱ ይነቅላል።

እንዲህ ዓይነት አሠራር በአገራችን ተሞክሮ የሠራበት ቦታ አለ። ሰሜን ወሎ፣ መቄት ወረዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ነው። መንደሩ ራሱ ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ይሠራል፤ እንግዳውን ራሱ ይቀበላል፣ ያበላል፣ ዕቃውን በአህያ ወይም በበቅሎ ወደሚቀጥለው መንደር ያደርሳል። ገቢው ለሠራተኞቹ ይከፈልና ቀሪው ወደ መንደሩ ማኅበር ካዝና ይገባል፤ ምን እንደሚሠራበት የሚወስነው ማኅበሩ ነው። ስሜን ውስጥም ሊማሊሞ ላይ በአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚዎች የተሠራ ሎጅ አለ። የአገሩ ልጅ ሻንጣ ከመሸከም አልፎ ባለቤት ሲሆን እንዲህ ያምራል።

ያለፉት ዓመታት ለእነዚህ ሰዎች እጅግ ከባድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና መጣ፤ ሳይወጣ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፣ ወደ ፓርኩም ዘልቆ ገባ፤ ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት። እንግዳ ጠፋ። በቅሎውን ሸጦ ወደ ሌላ አገር የቀን ሥራ ፍለጋ የሄደ ነጂ አውቃለሁ። እኔም የድንኳን ሸራዎቼን በየወሩ ፀሐይ ላይ አስጥቼ መልሼ አጥፋለሁ። ማንም ሰው በሥጋት ውስጥ እንዲጓዝ አልመክርም፤ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደባርቅና ጎንደር ካሉ ሰዎች አጣሩ። ሰላም ሲሆን ግን ቀድሞ የሚመጣው የአገር ውስጥ ተጓዥ ነው፤ ሃይኪንግ የሚወዱ የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳርና የጎንደር ወጣቶች እየበዙ ነው። ስለዚህ የጉዞው ወግ ከእንግዲህ የሚወሰነው በእኛ በኢትዮጵያውያን አያያዝ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልበል። አስታ ዛፍ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ለምሽት ጨዋታ ተብሎ እሳት አይነድበት፣ በጋዝ ወይም በላምባ ይበሰል። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አትጣሉ፤ ይዛችሁ የገባችሁትን ይዛችሁ ውጡ። ለጭላዳ ዝንጀሮ ምግብ አትወርውሩ። መንገድ ላይ ለሚለምን ልጅ ብርና ከረሜላ መስጠት ከትምህርት ቤት ያስቀረዋል፤ መርዳት የፈለገ ለመምህሩ ይስጥ። እናቱ የሠራችውን የሱፍ ቆብ ወይም ስፌት ግዙ፤ ቡናዋን ጠጡ፣ ዋጋዋንም አትከራከሩ።

ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ ለማኅበራቱና ለአስጎብኚ ድርጅቶችም የምለው አለኝ። ጭነት በዓይንና በእጅ እየተገመተ ሲጫን ብዙ አይቻለሁ። ደባርቅ ላይ ሚዛን ይቁም፤ እያንዳንዱ ጭነት ተመዝኖ ይውጣ። የስካውቱ፣ የአብሳዩና የባለ በቅሎው የቀን ተመን፣ የመመለሻው ቀን ጭምር፣ በአማርኛ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። ቀለባቸው በውሉ ውስጥ ይግባ። በሳንቃ በር፣ በግጭ፣ በጨነቅና በአምቢቆ ሠራተኛው የሚያድርበት፣ ዝናብ የማያስገባ ጎጆ ይሠራ። ለዚህ ሁሉ አዲስ ጥናት አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው መስከረም ሊጀመር ይችላል።